ወጌሻዋ እንሰታችን

እናቴ እንሰት ስትፍቅ ወንድ እንዲያያት አትፈቅድም ነበር። ባሏንም፣ ልጇንም፣ የነፍስ አባቷንም። በአገሯ ደንብ ወንድ ይተክላል፣ ሴት ትነቅላለች፤ ከተነቀለ በኋላ ያለው ሥራ ሁሉ የሴት ነው። ልደታ ማርያም ጀርባ፣ በአንድ ግቢ አምስት ቤተሰብ ተጨናንቀን ስንኖር ይህን ደንብ ማስከበር ቀላል አልነበረም። እሷ ግን አስከበረች። የፍቂያ ቀን ሲደርስ የጓሮውን መግቢያ በጆንያ ትጋርዳለች፣ ወንዶቹን ወደ መንገድ ታባርራለች፣ ሴቶቹን ትጠራለች። የአገሯ ሴቶች ይመጣሉ፤ እንሰት የሚባል ነገር አዲስ አበባ ገብተው ያዩትም ይመጣሉ። ቀኑን ሙሉ ከጆንያው ጀርባ ሳቃቸውን እንሰማለን። በምን እንደሚስቁ እስከ ዛሬ አላውቅም።

አንድ ጊዜ፣ ዘጠኝ ዓመት ቢሆነኝ ነው፣ በጆንያው ቀዳዳ አጮለቅሁ። እናቴ መሬት ላይ ተቀምጣ፣ ቀሚሷን ሰብስባ፣ ከእንሰቱ ግንድ የተገነጠለውን ግንፋይ ዘንበል ብሎ በቆመ ሳንቃ ላይ በአንድ እግሯ ወጥራ ይዛ በቀርከሃ መፋቂያ ከላይ ወደ ታች ትገፋዋለች። ውሃው ይወርዳል፣ ነጩ ይወርዳል፣ ቃጫው ብቻ ሳንቃው ላይ ይቀራል። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ሰው እንደዚያ አምሮበት ሲሠራ አላየሁም። አየችኝና መፋቂያውን ወረወረችብኝ። ቅንድቤ ላይ ያለው ጠባሳ የዚያን ቀን ነው። ሰው ሲጠይቀኝ ኳስ ስጫወት ነው እላለሁ።

ጓሯችን ወደ ወንዙ የሚወርድ ጠባብ መሬት ነበር፤ ለሌላ ነገር የማይሆን። አባቴ እዚያ ላይ ሰባት እንሰት ተከለ። እሱ ሲሞት መትከሉ ለኔ ተረፈ። አንዱ ሲነቀል ሌላው ይተካል፣ ቁጥሩ ከሰባት ብዙም አይርቅም። የከተማው ሰው ኮባ ይለዋል፤ የሚያውቀውም በቅጠሉ ብቻ ነው። የበዓል ዋዜማ ሲሆን ድፎ ዳቦ የሚጋግር ሁሉ ደጃችን ይሰለፋል። እናቴ ቅጠል ሸጣ አታውቅም። እኔ ብሸጥ ደስ ይለኝ ነበር፤ ይህንንም አልደብቅም።

የሰፈሩ ልጆች ግን “ግንድ በሊታ” ይሉን ነበር። እውነታቸውን ነው፣ ግንድ ነው የምንበላው። የተፋቀው ከእርሾው ጋር ተለውሶ፣ በራሱ ቅጠል ተጠቅልሎ ጉድጓድ ይገባል፤ ከላይ ድንጋይ ይጫንበታል። ወራት ተቀምጦ ቆጮ ይሆናል። ሲከፈት ይሸታል፤ አይሸትም የሚል ሰው ውሸታም ነው። በልጅነቴ ቆጮ በጎመን በልቼ ወደ ሰፈር ስወጣ እጄን ሦስት ጊዜ እታጠብ ነበር።

ዳቦ በቀበሌ ካርድ የሆነበት ጊዜ መጣ። ሰው ከንጋት ጀምሮ ይሰለፋል፣ ተራው ሳይደርሰው ዳቦው ያልቃል። ያን ሰሞን እናቴ ጉድጓዱን ከፈተችና በኮባ ቅጠል እየጠቀለለች ለአምስቱም ቤት አደለች። ጋግረው የማያውቁትን አስተማረቻቸው። ሰልፍ የለም፣ ካርድ የለም፣ ፊርማ የለም። “ገበያው ቢዘጋ ጉድጓዴ አይዘጋም” ትል ነበር። ግንድ በሊታ ይሉኝ የነበሩት ልጆች ግንዱን እየበሉ አየኋቸው። አንዳቸውም እጃቸውን ሦስት ጊዜ አልታጠቡም። ዛሬ ሱፐርማርኬት ስገባ የእንሰቱ ነጭ ዱቄት፣ ቡላው፣ በሚያብረቀርቅ ላስቲክ ታሽጎ፣ ላዩ ላይ “ተፈጥሯዊ” ተብሎ ተጽፎበት አያለሁ። አነበዋለሁ፣ መልሼ አስቀምጠዋለሁ።

ከሰባቱ አንዷ የተለየች ነበረች። የአገሯ ስም ነበራት፤ በኛ ሰፈር ግን ስሟ ወጌሻዋ ነው። አጥንቱ የተሰበረ ሰው የሚበላት እሷን ነው። ሥሯ ተቆፍሮ፣ ተልጦ፣ እንደ ድንች ተቀቅሎ በአይብና በቅቤ ይበላል፤ አሚቾ እንለዋለን። የሌሎቹም ሥር ይበላል፤ የሷ ግን ይጣፍጣል፣ ለስላሳ ነው። በሃያ ስድስት ዓመቴ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ብየዳ ቤት ስሠራ ከቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ወድቄ እግሬ ተሰበረ። ሆስፒታል ጄሶ አሰረልኝ፣ እናቴ ወጌሻዋን አበላችኝ። ቆሜ ስሄድ ምስጋናውን ሁሉ የወሰደችው እናቴ ናት። ማን እንደጠገነኝ አልከራከርም። የማውቀው፣ ተኝቼ በነበረበት ጊዜ ጎረቤት ሁሉ በተራ እየመጣ አልጋዬ አጠገብ ይቀመጥ እንደነበር ነው። ከሁሉም ብዙ የተቀመጡት በአተላ በግ የሚቀልቡት ባለጠላዋ ጎረቤታችን ነበሩ። እትዬ እላቸዋለሁ። የግቢያችን ግንብ ብቻ ነው ከሳቸው መደዳ የሚለየን፤ ሕፃን ሆኜ እናቴ ገበያ ስትወጣ በጀርባቸው ያዘሉኝ እሳቸው ናቸው። “ብላ፣ አንተ ግንድ፣ በግንድ ነው የምትድነው” እያሉ አሚቾውን ያጎርሱኝ ነበር።

ፊደል የቆጠርኩት በሃምሳ አንድ ዓመቴ ነው። እስከዚያ ድረስ በአውራ ጣቴ ነበር የምፈርመው። ሰው በደብዳቤ ሲያታልለኝ፣ በውል ሲያታልለኝ ኖሬያለሁ፤ ስለዚህ የማታ ትምህርት ገብቼ ማንበብ ስችል ያልተጻፈ ነገር ሁሉ ውሸት መሰለኝ። በስተርጅና የተማረ ሰው እንዲህ ነው። ብየዳ ቤት የተረፈ ቆርቆሮ ሰብስቤ በሚስማር ፊደል እየነደልኩ ለሰባቱም እንሰቶች ስም ሠራሁና በሽቦ ቅጠላቸው ግንድ ላይ አንጠለጠልኩ።

እናቴ ወጥታ አየች። “ምንድን ነው ይሄ?”

“ስማቸው ነው።”

“ለማን?”

“ለሚረሳ ሰው።”

“እኔ ረስቼ አውቃለሁ?”

“አንቺ ስትሞቺስ?”

ሳቀች። “እንግዲያው ባንገትህ አንጠልጥለው” አለችኝ።

እንሰት የውጭ ቅጠሉ እየደረቀ ይወድቃል፤ የደረቀውን እየቆረጠች የምታጸዳው እሷ ናት። አልፎ አልፎ “ያ ጌጥህ ወድቆ ነበር፣ መልሼ አንጠልጥየዋለሁ” ትለኛለች። “ጎበዝ” እላታለሁ። ቆርቆሮዬ በቦታው እንዳለ አያለሁ፣ አነባለሁ፣ ደስ ይለኛል። ቅጠሉን ግን አላይም።

ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ፣ የፋሲካ ዋዜማ፣ እትዬ እንደ ልማዳቸው ቅጠል ሊወስዱ መጡ። እኔ ጓሮ ተቀምጬ ዶማ እስላለሁ።

“በየበዓሉ ቅጠል ከምለምን ሥሩን ስጪኝና ልረፍ” አሏት ለእናቴ።

“የቷን ትፈልጊያለሽ?”

“ወጌሻዋን። አርጅቻለሁ፤ ዛሬ ነገ እሰበራለሁ።”

እኔ ከተቀመጥኩበት “አይሆንም” አልኩ። “ከሷ ዘር የቀረችን ትንሽ ናት።”

“አንተን ማን ጠየቀህ?” አሉ እትዬ። “ከናትህ ጋር ነው የማወራው።”

አፌ ቶሎ ነው፤ ያኔም ዛሬም። “ለበግሽ ልትሰጫት ነው? እንሰት ለይተሽ ታውቂያለሽ አንቺ?” አልኳቸው።

አንቺ አልኳቸው። ያዘሉኝን ሴት። እናቴ ቀስ ብላ “ዶማውን ስጠኝ” አለች። አልሰጠኋትም። ሰባውን ካለፈች ቆይታለች፤ ጎንበስ ብላ ራሷ ከእጄ ወሰደችው። “ተክል የጠየቀ ባዶ እጁን አይመለስም” አለች ወደኔ ሳትዞር። “እኔም ይህን አገር ስገባ በልመና ነው ያገኘኋት።”

ከዚያ ያየሁትን ልናገር። “ወጌሻ” የሚል ቆርቆሮ ወዳለባት አልሄደችም። ከግንቡ ሥር ወዳለችው፣ ሌላ ስም ወደተንጠለጠለባት ሄዳ እሷን ነቀለችና ለእትዬ ሰጠቻቸው። “ወንድ ይትከላት” አለቻቸው። “ወንድ ከየት ላምጣ?” አሉ እትዬ፣ ይዘው ሄዱ። እናቴ ያታለለቻቸው መሰለኝ። ለኔ ብላ ተራውን ሰጥታቸው እውነተኛዋን ያስቀረችልኝ መሰለኝ። ፈገግ አልኩ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እትዬ ሰላምታዬን አልመለሱልኝም፤ እኔም ግድ አልሰጠኝም።

እናቴ ከአራት ዓመት በኋላ ሞተች። በዓመቱ ሰፈራችን ፈራሽ ነው ተባለ። ማስታወቂያውን በሩ ላይ ሲለጥፉት እኔ ነኝ ለግቢው ሰው ጮክ ብዬ ያነበብኩት። ማንበብ መቻሌን የጠላሁበት ቀን ያ ብቻ ነው። የፍቂያ ሴቶች አንዷ ወዲህ፣ አንዷ ወዲያ ተበተኑ። ጉድጓዱ ባዶውን ነበር። የሚነቅል ሴት ስለሌለ ዶማ ይዤ ራሴ ገባሁ፤ ቆርቆሮዬን አነበብኩ፣ ወጌሻ የሚለውን እንሰት በጆንያ ጠቅልዬ በጫንቃዬ ተሸከምኩ። ሌሎቹን ሁሉ ትቼ ሄድኩ። ከግንቡ ሥር እናቴ በነቀለቻት ቦታ የወጣችውን ትንሿንም ተውኳት። በሳምንቱ ዕቃ ረስቼ ስመለስ ኤክስካቫተሩ ጓሮውን ጨርሶታል።

የደረሰን ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነው። አራተኛ ፎቅ ላይ አፈር የለም። ጥበቃውን ለምኜ ከአጥሩ ሥር፣ የቆሻሻ ገንዳው አጠገብ ተከልኳት። ቆርቆሮዋን አሰርኩላት። የሚያልፈው ሁሉ “ሙዙ መቼ ነው የሚያፈራው?” ይለኛል። መልስ አልሰጥም። ውሃ በጄሪካን ከፎቅ እያወረድኩ አራት ዓመት አሳደግኳት። ከእናቴ የቀረኝ ነገር እሷ ናት ብዬ ነው። ፎቶ አልነበረንም።

ባለፈው ዓመት፣ ከእናቴም ከኔም ጋር የኖረችው ታናሽ እህቴ ደረጃው ላይ ወደቀችና እጇ ተሰበረ። ጄሶ ታሰረላት። ቤት ስትገባ መጀመሪያ የተናገረችው “የእማዬን አብላኝ” የሚል ነው። ልጅ ሆና ስትሰበርም፣ እኔ ስሰበርም የበላነውን ማለቷ ነው። ወርጄ ቆፈርኩ። ወንድ እንደማይነቅል አውቃለሁ፤ ግን እህቴ አንድ እጅ ነው ያላት፣ የሚጠራ ሴት የለም። ላጥኩ፣ ቀቀልኩ። ሁለት ሰዓት ፈላ፣ አልለሰለሰም። በቅቤ አድርጌ አቀረብኩላት።

አንድ ጊዜ አኘከችና አቆመች። “ይሄ ምንድን ነው?”

“ወጌሻዋ ናት።”

“አይደለችም። እሷ አትከረክርም።”

“ቆርቆሮው አለ። ላሳይሽ?”

“ቆርቆሮውን ልብላው እንዴ?” አለችና ሳህኑን ገፋች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ “ቆርቆሮው ሲወድቅ እማዬ ያገኘችው ላይ ነበር የምታንጠለጥለው። ማንበብ ትችል ነበር እንዴ?” አለችኝ።

“ለምን አልነገርሽኝም?”

“ነግሬያት ነበር። ‘ተይው፣ ተንጠልጥሎ ሲያየው ደስ ይለዋል’ አለችኝ።”

አሚቾውን እኔ ጨረስኩት። ከረከረኝ። ያን ሌሊት አልተኛሁም ማለት አልችልም፤ ተኝቻለሁ። ሲነጋ ግን ገባኝ። እናቴ እትዬን አላታለለችም። ቆርቆሮ አታነብም፣ ተክል ነው የምታነበው፤ ወጌሻዋን ፈልጋ ሄዳ ወጌሻዋን ነው የሰጠቻቸው። እኔ አራት ዓመት ውሃ የተሸከምኩላት ሌላዋ ናት። እውነተኛዋ በዚህ ከተማ ውስጥ ካለች ያለችው አንቺ ብዬ በሰደብኳቸው ሴት ጓሮ ነው።

የእትዬ መደዳ ተራው ስላልደረሰው ገና አልፈረሰም ነበር፤ ቤታቸው ላይ በቀይ ቀለም ምልክት ተደርጎበታል። የደረስኩት በግንቦት ልደታ ቀን ነው። ይህን ቀን መርጬ አይደለም፤ ሳምንት ሙሉ ወኔ ሳጣ ከርሜ ቀኑ ራሱ ደረሰብኝ። የቀሩት ጎረቤቶች እንደ ድሮው ደጅ ወጥተው፣ ንፍሮ ቀቅለው፣ ድፎ ዳቦውን ኮባ ቅጠል ላይ አድርገው መንገድ ዳር ተቀምጠዋል። ጆንያዬን በብብቴ ይዤ ቆምኩ።

“ማነው?” አሉ እትዬ። ዓይናቸው ደክሟል፤ እኔን ግን እንዳወቁኝ አውቄያለሁ።

“እኔ ነኝ እትዬ።”

“እኔ የሚባል ሰው አላውቅም።”

ሴቶቹ ሳቁ። አባቴ ማን እንደሆነ፣ እናቴ ማን እንደነበረች፣ እንደ ፍርድ ቤት ምስክር ቆሜ ተናገርኩ። “እሷን አውቃታለሁ” አሉ። “ተቀመጥ። በልደታ ቀን ቆሞ የሚለምን የለም፣ መጀመሪያ ይበላል።”

በላሁ። ስንዴውም፣ ባቄላውም፣ ሽንብራውም ጣዕሙ የድሮው ነበር። ስንት ጊዜ ከሰው ጋር ደጅ ተቀምጬ ሳልበላ እንደኖርኩ ሲገባኝ ሳልጠየቅ ንፍሮ ደገምኩ። ከዚያ የእህቴን መሰበር ነገርኳቸው፣ የመጣሁበትንም።

“አንድ ነገር ልጠይቅህ” አሉ። “ያኔ እናትህ ያታለለችኝ መስሎህ ፈገግ ብለህ ነበር?”

“አዎ እትዬ። ብዬ ነበር።”

“አይቼሃለሁ። እኔም ያንተን ፈገግታ አይቼ ዓመት ሙሉ ተጠራጠርኳት፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ። በኋላ እጄ ሲሰበር ራሷ መጥታ ቆፍራ ቀቀለችልኝ። ዘሯንም ራሷ መልሳ ቀበረችልኝ።” እጃቸውን ወደ ላይ አንስተው አገላብጠው አሳዩኝ። ቀጥ ያለ እጅ ነው። “አንሳኝ።”

ደግፌ አስነሳኋቸው፤ ወደ ጓሮ ገባን። ከልብስ ማጠቢያው አጠገብ ሦስት እንሰት ቆመዋል። ምንም የተንጠለጠለባቸው ነገር የለም።

“የቷ ናት?” አሉኝ።

ወደ ትልቋ ሄድኩ።

“እሷ ለዳቦ ቅጠል የምቆርጣት ናት፤ እናትህ በኋላ የጨመረችልኝ። ስልሳ ዓመት እንሰት ሥር ኖረህ አታውቅም? እጅህን ከቅጠሉ ጀርባ አስገባና ጎትት።”

አስገባሁ። እጄ እንደ ዱቄት በሚመስል ነገር ነጭ ሆነ። ሁለተኛዋም እንዲሁ። እጄን ጠርጌ ሦስተኛዋን ስነካ ንጹሕ ሆኖ ወጣ።

“እሷ ናት” አሉ። “እናትህ ነች ያሳየችኝ። አንተንም ልታሳይህ ፈልጋ ነበር፤ ‘እሱ ተምሯል፣ እሺ አይለኝም’ አለችኝ።”

ጆንያዬን መሬት ላይ ዘረጋሁ።

“ቆፍር” አሉ። “ወንድ አይነቅልም የሚሉት ሴቶች ሄደዋል። እኔ ፊቴን አዞራለሁ።” እውነትም ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ቆሙ።

ቤት ገብቼ ሥሯን ለሁለት ከፈልኩት። ግማሹን ቀቀልኩ። እህቴ አንድ ጊዜ አኘከች፣ “ጨው አነሰው” አለችና ጨረሰችው። እሷ መሆኗን ያወቅሁት በዚህ ነው። ግማሹን አባቴ ሲያደርግ እንዳየሁት ልቡን አውጥቼ፣ የቆሻሻ ገንዳው አጠገብ ጉድጓድ ቆፍሬ ቀበርኩት። ክረምቱ አልፎ፣ በጋው ገፍቶ አፈሩን ሰንጥቆ ብቅ ብቅ አለ። አሥራ አንድ ችግኝ ቆጠርኩ። ቆርቆሮ አላንጠለጠልኩም። የሚያልፍ ሰው ስለ ሙዝ ሲጠይቀኝ አሁን እመልሳለሁ፤ ሦስተኛ ፎቅ ያለችው ሴት ሲያድጉ ለበዓል ቅጠል እንድትቆርጥ ፈቅጄላታለሁ፣ እጇንም ከቅጠሉ ጀርባ አስገብታ እንድትነካ አድርጌያለሁ።

ባለፈው ወር ስልኬ ጮኸ። እትዬ ናቸው። መደዳቸው ፈርሷል፤ ከተማው ጫፍ ምድር ቤት ደርሷቸዋል፣ በሩ ላይ ትንሽ አፈር አለው። የቀሩትን ሁለቱን እንሰቶች ሳያነሷቸው ኤክስካቫተሩ ቀድሟቸዋል።

“በቀለች?” አሉኝ።

“በቅላለች እትዬ።”

“ስንት ሆነች?”

“አሥራ አንድ።”

“ለኔ አንድ ስጠኝ” አሉ።

“ለበግዎ ሊሰጧት ነው?” አልኳቸው።

ሳቃቸውን ሰማሁ፤ ልጅ ሆኜ ከጆንያው ጀርባ የምሰማው ሳቅ ነው።

“በግ የለኝም” አሉ። “ዶማህን ይዘህ ና። ወንድ ነው የሚተክላት።”